ቱሊቢ፦ በብርድ የሚኖር፣ በጢስ የሚከብር ዓሣ

ዓሣ ማስገር ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ታንኳ ነው። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ፣ ዝዋይና ሐዋሳ ላይ መረብ የተጫነባት የእንጨት ጀልባ፣ ዳር ላይ ትርፍራፊ የሚጠባበቁ አባ ኮዳዎች። ከዚህ ሥዕል ጋር ጨርሶ የማይገጥም አጠማመድም አለ። ታንኳ የለም፤ መቅዘፊያ የለም፤ የሚታይ ውሃም የለም። አጥማጁ በእግሩ ወይም በመኪናው እስከ ሐይቁ መካከል ይሄዳል፤ በረዶውን ይበሳል፤ ወንበሩን ዘርግቶ ይቀመጥና ከትንሽ ድስት አፍ በማትሰፋ ቀዳዳ መንጠቆውን ይሰዳል።

አገሩ ሚኒሶታ ነው፤ በአሜሪካ ሰሜናዊ ጠርዝ ከካናዳ ጋር የሚዋሰን ግዛት። “የዐሥር ሺህ ሐይቆች ምድር” ይሉታል። ቅጽሉ ከእውነቱ ያነሰ ነው፤ ከ4 ሔክታር የሚሰፉት ሐይቆች ብቻ ሲቆጠሩ 11,842 ናቸው። ለእኛም ባዳ አገር አይደለም። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች ዙሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ጎጆ ቀልሰው፣ ልጅ ወልደው፣ የአምልኮ ቤታቸውን አቁመው ይኖራሉ። ከአገር ቤት ስልክ ሲደወልላቸው ከጤና ቀጥሎ የሚቀርብላቸው ጥያቄ “ብርዱስ እንዴት ነው?” የሚል ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያ ብርድ ነው። ይልቁንም በዚያ ብርድ ስለሚኖር፣ የአገሬው ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ስለሚንቀው ቱሊቢ ስለሚባል ዓሣ ነው። ይህን ዓሣ ከበረዶ ሥር አውጥተው፣ በጢስ አጥነው ለማዕድ የሚያቀርቡ ቤተሰቦች አሉ። ሙያው ጥንቃቄና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ልጆችንም ብዙ ያስተምራል። ሆኖም ጠቅላላው ሙያ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ እርሱም ብርዱ ነው። ብርዱ ደግሞ እየሳሳ መጥቷል።

ስሙ ብዙ፣ ወዳጁ ጥቂት

ቱሊቢ ስሙ ብዙ ነው። ሳይንቲስቶች ሲስኮ ይሉታል። በታላላቆቹ ሐይቆች ዳር የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ የሐይቅ ሄሪንግ ብለው ይጠሩታል፤ ነገር ግን ከባሕሩ ሄሪንግ ጋር ዝምድና የለውም። ዘመዶቹ ሳልሞንና ትራውት ናቸው። “ቱሊቢ” የሚለው ስም የመጣው ከአካባቢው ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የገባውም በካናዳ ፈረንሳዮች አፍ አልፎ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ የሚያስታውሰው ስዊድናዊውን ፒተር አርቴዲን ነው፤ የዓሣ ጥናት አባት የሚባለውን ሰው።

መልኩ የሚያምር ነው። ጎኑ ብር ይመስላል፤ ጀርባው ጠቆር ይላል፤ አፉ ትንሽ ነው። አብዛኛው ከክንድ ያጥራል፤ ክብደቱም ብዙ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ አይዘልም። ታዲያ ለምን ተናቀ? አንደኛ፣ ሥጋው ቅባት የበዛበትና ለስላሳ ነው፤ መጥበሻ ላይ ቶሎ ይፈራርሳል። ሁለተኛ፣ ቀጫጭን አጥንት አለው። ሦስተኛ፣ በዚያው ሐይቅ ውስጥ ዎልአይ የሚባል ሥጋው ነጭና ጠንካራ የሆነ ዓሣ አለ፤ የሚኒሶታ ሰው ልቡ ያለው እርሱ ዘንድ ነው። ስለዚህ ብዙ አጥማጆች ቱሊቢ ሲይዙ ከማዕድ ይልቅ ለመንጠቆ ይፈልጉታል፤ ቆራርጠው ፓይክ ለሚባለው ትልቅ ዓሣ ማማለያ ያደርጉታል።

የሐይቁን ኑሮ የሚያጠኑ ሰዎች ግን ቱሊቢን እንዲህ አያዩትም። ይህ ዓሣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ፣ ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጡ የውሃ ነፍሳትን ለቅሞ ይበላል። ከእነዚያ ጥቃቅን ፍጥረታት ያገኘውን ሁሉ ወደ ቅባትና ወደ ሥጋ ይለውጣል። እርሱን ደግሞ ዎልአይ፣ ፓይክና መስኪ የተባሉት አዳኞች ይበሉታል። አጥማጁ ፎቶ የሚነሣበት ያ ግዙፍ ዓሣ የገዘፈው ቅባታሙን ቱሊቢ በልቶ ነው። በቤታችን አነጋገር፣ እንግዳው የሚያመሰግነው ወጡን ነው፤ ቁሌቱን ያቁላላው እጅ ግን ማጀት ነው ያለው።

ነባሮቹ የኦጂብዌ ሕዝቦች ይህን ያውቁ ነበር። ቱሊቢ እንቁላሉን የሚጥለው በልግ አልቆ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በኅዳር አካባቢ፣ ጠጠር ወዳለበት ጥልቀት የለሽ ዳርቻ ወጥቶ ነው። ሐይቁ ሳይጋገር በፊት በመረብ ይይዙታል፤ ከተጋገረም በኋላ ከበረዶው ሥር መረብ ይዘረጋሉ። የያዙትንም በጢስ አድርቀው ለረጅሙ ክረምት ያኖሩታል። ከኖርዌይ የመጡ ስደተኞችም በሱፐርየር ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ሲሰፍሩ ኑሯቸውን የመሠረቱት በዚሁ ዓሣ ላይ ነው። የዛሬው አጥማጅ ቢንቀውም፣ ብዙ ትውልድ ያሳደገ ዓሣ ነው።

ከጣሪያው በታች

በረዶ የለበሰ ሐይቅ ውስጥ ዓሣ እንዴት በሕይወት ይቆያል? ልጆች ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች መካከል ይህ ዋናው ነው፤ መልሱም ከተፈጥሮ ድንቆች አንዱ ነው። ብዙው ነገር በቀዘቀዘ ቁጥር ይከብዳል፤ ውሃ ግን ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ መልሶ ይቀልላል፤ በረዶም ሲሆን ይንሳፈፋል። ስለዚህ ሐይቁ የሚጋገረው ከላይ ወደ ታች ነው። በረዶው እንደ ጣሪያ ሆኖ ከነፋስና ከውርጭ ይከልላል፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ሳይጋገር ይከርማል። አየሩ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሲሆን፣ ታች ያለው ቱሊቢ ምቹ ቤቱ ውስጥ ነው።

ዎልአይ ወለሉን ተጠግቶ ይሄዳል። ቱሊቢ ግን ጥልቅ ውሃ ላይ፣ ከወለሉም ከጣሪያውም ርቆ፣ መካከል ላይ በመንጋ ይዞራል። ድሮ አጥማጁ ክሩን እያረዘመና እያሳጠረ በግምት ይፈልገው ነበር። አሁን ብዙው ሰው ድምፅ ወደ ውሃ ልኮ የሚመለሰውን የሚያነብ ሶናር ይዞ ይወጣል። መስታወቱ ላይ ለረጅም ጊዜ ምንም አይታይም፤ ከዚያ በድንገት ቀለማት ይርመሰመሳሉ፤ መንጋው ደርሷል ማለት ነው። ደቂቃም ሳይቆይ ይሄዳል። ቱሊቢን ማጥመድ እንግዲህ ረጅም መጠበቅና አጭር ጥድፊያ ነው።

ዕቃው ቀላል ነው። ከክንድ ብዙም የማይረዝም ዘንግ፣ ቀጭን ክር፣ የጣት ጥፍር የምታህል የምታብለጨልጭ ብረት፣ ጫፏም ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ትል። የቱሊቢ አፍ ስስ ስለሆነ እንደ ትልቅ ዓሣ በኃይል መንጠቅ አይሠራም፤ ከንፈሩ ይቀደድና ያመልጣል። ልጆች ብዙ ጊዜ ከአዋቂ የተሻለ የሚይዙት ለዚህ ይሆናል፤ እጃቸው ቀላል ነው።

የግዛቱ ሕግም ለልጆች ያዘነብላል። ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆነ የሚኒሶታ ነዋሪዎች የማጥመጃ ፈቃድ መግዛት አያስፈልጋቸውም። በጥር አጋማሽ፣ አገር ቤት ጥምቀት በሚከበርበት ሰሞን ደግሞ፣ ልጅ ይዞ የሚወጣ አዋቂም ያለ ፈቃድ የሚያጠምድባቸው ቀናት አሉ። ከሐሩር አገር ለመጣ ወላጅ ይህ መልካም መግቢያ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት የሚሰማውን የጓደኞቹን ጨዋታ በዓይኑ ያያል፤ አባትና እናትም ክረምቱን ከመስኮት ሆነው ከመርገም ይልቅ ወጥተው ይተዋወቁታል።

ሳይለኩ አይረግጡም

ይሁን እንጂ በረዶ ቀልድ አያውቅም። “ትናንት መኪና ሲሄድበት አይቻለሁ” የሚለው ማስረጃ አይደለም። አንድ ሐይቅ ዳር ላይ ወፍራም፣ መካከሉ ላይ ስስ ሊሆን ይችላል። ወንዝ የሚገባበት፣ ምንጭ የሚፈልቅበት፣ ድልድይ ያለበት ቦታ ሁሉ ይሳሳል።

የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የሚያስተምረው ልክ ይህ ነው። ለአንድ ሰው በእግር ለመሄድ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ አዲስ በረዶ ያስፈልጋል። ለስኖሞቢል ከ13 እስከ 18፣ ለትንሽ የቤት መኪና ከ23 እስከ 25፣ ለመካከለኛ ፒካፕ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ይፈለጋል። በረዶው ጥርት ያለ ሳይሆን ነጭና አረፋ የሚመስል ከሆነ ጉልበቱ ግማሽ ነው፤ ስለዚህ ልኩ በእጥፍ ይታሰባል። መሥሪያ ቤቱ ይህንን ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ የሚጨምረው ቃል አለ፤ ፍጹም አስተማማኝ የሚባል በረዶ የለም።

ልምድ ያለው አጥማጅ ስለዚህ በየጥቂት እርምጃው እየበሳ ይለካል። በአንገቱ ሁለት እጀታ ያላቸው ሹል ብረቶች ያንጠለጥላል፤ ከወደቀ በረዶውን ቧጥጦ የሚወጣባቸው ናቸው። ከልብሱ ላይ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይደርባል። በበረዶ ላይ መኪና ሲነዳ መስኮቱን ከፍቶ፣ የመቀመጫ ቀበቶውን ፈትቶ ነው፤ ሌላ ጊዜ ሕይወት የሚያድነው ቀበቶ እዚህ ሊያሰምጥ ይችላልና።

ለሚወድቅ ሰው የሚነገረው ምክር በሦስት ቁጥሮች ይያዛል፦ 1፣ 10፣ 1። በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሽን ማረጋጋት ነው፤ ድንጋጤው ያልፋል። ቀጥሎ እጅና እግር በደንብ የሚታዘዙበት 10 ደቂቃ ያህል አለ፤ በዚህ ጊዜ ወደ መጡበት አቅጣጫ ዞሮ፣ እግርን እየፈራገጡ፣ በደረት ተጎትቶ መውጣት ነው። ከወጡም በኋላ አለመቆም፤ ተኝቶ እየተንከባለሉ መራቅ። ብርዱ ራስን እስኪያስት ድረስ ደግሞ 1 ሰዓት ያህል ይኖራል፤ ተስፋ መቁረጥ አይገባም ማለት ነው።

ሌላው አደጋ እኛ በደንብ የምናውቀው ነው። አጥማጆች ከብርድ ለመጠለል በረዶው ላይ ትንሽ ጎጆ ወይም ድንኳን ይተክላሉ፤ ውስጡንም በጋዝ ማሞቂያ ያሞቃሉ። በዝግ ቤት ከሰል አንድደው ያንቀላፉ ቤተሰቦችን ዜና ስንሰማ የኖርን ነን። እዚያም ገዳዩ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። የአየር መግቢያ ክፍት መተውና ጋዙን አሽቶ የሚጮኸውን አነስተኛ ማንቂያ መስቀል ግዴታ ነው።

ወይራን ለሚያውቅ ሰው

ቱሊቢ ከውሃ ከወጣ በኋላ ጊዜ አይሰጥም። ሥጋው ቅባታም ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል። ወዲያው በረዶ ውስጥ ይቀበራል፤ ቤት እንደደረሰም ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ በአከርካሪው ሥር የተጋደመው የረጋ ደም በጣት ተፍቆ ይታጠባል። በሆዱ በኩል ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፤ ቆዳው ግን አይነሣም፤ ሲታጠን ሥጋውን አቅፎ የሚይዘው እርሱ ነው።

የመጥበሻው ጠላት የነበረው ቅባት ዋጋ የሚያገኘው አሁን ነው። ቅባት የሌለው ዓሣ በጢስ ላይ ሲቆይ ይደርቃል፤ እንደ እንጨት ይሆናል። ቅባታሙ ግን ለስላሳነቱን ይዞ ይቆያል፤ የጢሱንም መዓዛ አጥብቆ ይይዛል። የሚያስንቀው ጠባይ ነው የሚያስከብረው።

ጢስ ምግብን እንደሚያከብር ለእኛ ቤት መንገር የሚያስፈልግ አይመስለንም። የወተት ዕቃ በወይራ የሚያጥኑ፣ የጠላ ጋን በጢስ የሚያጥኑ እናቶች ልጆች ነንና። ወይራ የታጠነ ዕቃ ያለው እርጎ ከሌላው እንዴት እንደሚለይ አንድ ጊዜ የቀመሰ ያውቃል። ያገራችን እናት ማንኛውንም እንጨት እንደማታጥን ሁሉ፣ የሚኒሶታ ባለሙያም እንጨት ይመርጣል። ሜፕል፣ የአፕል ዛፍና ሂከሪ ይወደዳሉ። ሙጫ ያለው እንደ ጥድ ዓይነቱ አይነካም፤ ምግቡን ያመርረዋል፣ ጥቀርሻም ያለብሰዋል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ጨው። 4 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ ኩባያ ጨውና ግማሽ ኩባያ ቡናማ ስኳር ይሟሟል። የወደደ ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ይጨምራል። ዓሣው በዚህ ውሃ ተዘፍዝፎ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ጨው ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ውሃውን ከሥጋው እየሳበ ጀርም የሚራባበትን መንገድ ያጠብባል።

ቀጥሎ ማድረቅ። ዓሣው ከጨው ውሃው ወጥቶ ለቅለቅ ተደርጎ፣ ወንፊት መሳይ ሽቦ ላይ ይሰጣል። ነፋስ በሚያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ አንድ ሁለት ሰዓት ሲቆይ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ፣ ጣት የሚይዝ ስስ ቆዳ ይፈጠራል። ይህን ደረጃ የሚዘልሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። እርጥብ ዓሣ ላይ ጢስ አይቀመጥም፤ ይንሸራተታል። ያ ስስ ቆዳ ግን ጢሱን ይዞ ወርቅማ ቀለም ያወጣል።

በመጨረሻ እሳቱ። የጢስ ሳጥኑ መጀመሪያ በለዘብታ ይሞቃል፤ ዓሣው ቀስ እያለ ጢሱን ይጠጣል። ከዚያ ሙቀቱ ይጨመርና የሥጋው ወፍራም ክፍል 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በዚያው ልክ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆያል። ይህ በዓይን አይገመትም፤ የምግብ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ጠቅላላው ሥራ እንደ ዓሣው ውፍረትና እንደ አየሩ ብርድ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። በውጭው ውርጭ ሳጥኑ ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያጣ በክረምት ከበጋ ይረዝማል።

ሲበላ በእጅ ነው። ቆዳው እንደ ወረቀት ይላጣል፤ ሥጋው በቅጠል በቅጠሉ ይለያል፤ አጥንቱም ከበሰለ በኋላ በቀላሉ ይወጣል። የአገሬው ሰው ከብስኩትና ከአይብ ጋር ይበላዋል። በእኛ ማዕድ ደግሞ አጥንቱ ተለቅሞ፣ ከተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ከቃሪያ፣ ከሎሚና ከጥቂት ዘይት ጋር ተለውሶ በእንጀራ ቢቀርብ ይስማማል። አዋዜም ሚጥሚጣም አይጠላም። የበረዶው ወቅት ከነቢያት ጾምና ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጣጠማል፤ በጾም ዓሣ መብላት አለመብላት ግን እንደየቤቱ ልማድና እንደየንስሐ አባቱ ምክር ነው። ለማይጾመውም ሆነ ለፍስኩ ቀን፣ የታጠነ ዓሣ ከቁርስ እስከ እራት ቦታ አያጣም።

ለባለቤቷ ማስጠንቀቂያ

የታጠነ ምግብ ሁሉ አይበላሽም ብሎ ማመን አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ የተዘጋጀ የታጠነ ዓሣ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ አምጥቶ ሰዎች ሞተዋል። ይህን መርዝ የሚፈጥረው ባክቴሪያ አየር የሌለበት ቦታ ይመቸዋል፤ በዓሣ ላይ የሚገኘው ዓይነቱ ደግሞ በቅዝቃዜም የሚራባ ነው። ስለዚህ በቤት የታጠነ ዓሣ አየሩ ተመጥጦ በላስቲክ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ፍሪጅ ውስጥ ከ4 ዲግሪ በታች ይቀመጣል፤ በአጭር ጊዜ ይበላል። መቆየት ካለበት በፍሪዘር ይገባል፤ ሲቀልጥም ፍሪጅ ውስጥ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ አስፈሪ ሳይሆን አስደንጋጭ ነው። ቱሊቢ ሥጋ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ቢጫ ወይም ነጭ እብጠት ይገኛል። የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ትል እጭ ነው። ይህኛው ትል የሚያድገው ፓይክ ሆድ ውስጥ ነው፤ ሰው ላይ አያድግም፤ እየለቀሙ ማውጣት ይቻላል። ቢሆንም ሌሎች የዚያ አካባቢ ዓሦች ሰውን የሚይዝ ትል ሊኖራቸው ስለሚችል፣ የሐይቅ ዓሣ ጥሬውን መብላት አይመከርም። በቂ ሙቀት ትሉን ይገድለዋል፤ ቀዝቃዛ ጢስ ብቻ ግን አይገድለውም።

ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ያሉበት ቤት ስለ ሜርኩሪም ይጠይቃል። ሜርኩሪ ይበልጥ የሚጠራቀመው ሌላ ዓሣ በሚበሉ ትልልቅና አሮጌ ዓሦች ላይ ነው፤ ጥቃቅን ነፍሳት የሚበላው ቱሊቢ በዚህ በኩል ከአዳኞቹ የተሻለ ነው። የሚኒሶታ ጤና መምሪያ ለየሐይቁ የሚያወጣውን ምክር አይቶ መብላት ብልህነት ነው።

ብርዱ ሲጎድል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ቱሊቢ በክረምት ምንም አይሆንም። የሚጨነቀው በበጋ ነው።

በበጋ የሐይቁ ላይኛው ውሃ ይሞቃል፤ ቀዝቃዛው ከታች ይቀራል። ቱሊቢ ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ታች ይወርዳል። ታች ግን የሞተ ቅጠልና አረንጓዴ አልጌ እየበሰበሰ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ዓሣው እንግዲህ ከላይ በሙቀት፣ ከታች በትንፋሽ ማጣት መካከል ይያዛል። የሚኖርበት ንብር በጋው በገፋ ቁጥር እየቀጠነ ይሄዳል፤ ከጠፋ ዓሣው ያልቃል። እ.ኤ.አ. የ2006 በጋ እጅግ ሞቃት በሆነ ጊዜ በሚኒሶታ ከዐሥር በሚበልጡ ሐይቆች ቱሊቢዎች ሞተው ተንሳፈዋል።

በዚህ የሚጎዱት ይልቁንም ጥልቀት የሌላቸው ሐይቆች ናቸው። ታዋቂው ሚል ላክስ ሐይቅ ስፋቱ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን 13 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሲሞቅ ዓሣው የሚሸሽበት ምድር ቤት የለውም። በዚያ ሐይቅ የቱሊቢ ቁጥር ከድሮው አሽቆልቁሏል፤ እርሱን በልቶ የሚያድገው ዎልአይም ምግቡ ጎድሎበታል።

ሙቀቱ ክረምቱንም ነክቶታል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወደ 2024 የተሻገረው ክረምት በሚኒሶታ መዝገብ ከተያዘ ወዲህ ከሁሉ የሞቀው ነበር። በዚያው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አፐር ሬድ በተባለው ሐይቅ ላይ በረዶው ተሰንጥቆ ከዳርቻው ሲለያይ፣ ከመቶ በላይ አጥማጆች በተንሳፋፊው በረዶ ላይ ቀርተው በነፍስ አድን ሠራተኞች ወጥተዋል። ድሮ አያቶች በወሩና በቀኑ የሚያውቁት በረዶ፣ አሁን በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚጠየቅ ሆኗል።

ይህ ሁሉ ግን እጅ አጣጥፎ የሚታይ አይደለም። አየሩን አንድ ግዛት ብቻውን ሊያቀዘቅዝ አይችልም፤ የሐይቁን ኦክስጅን ግን ማዳን ይችላል። ኦክስጅን የሚያልቀው ከእርሻና ከግቢ በሚታጠብ ማዳበሪያ፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድ በሚሰርግ ቆሻሻ አልጌው ሲፋፋ ነው። ጣናን ካስጨነቀው እንቦጭ ጀርባም የዚሁ ዓይነት ታጥቦ የሚገባ ንጥረ ነገር ስላለ፣ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጫካ ግን ውሃውን አጣርቶ ያስገባል። ስለዚህ የሚኒሶታ የዓሣ ባለሙያዎች ጥልቅና ንጹሕ የሆኑ ሐይቆችን መርጠው “የቱሊቢ መጠጊያ” ብለዋቸዋል። በእነዚያ ሐይቆች ዙሪያ ውሃ ወደ ሐይቁ ከሚወርድበት መሬት 75 በመቶው በጫካ እንደተሸፈነ እንዲቆይ ይጥራሉ፤ ባለ መሬቶች ጫካቸውን ላለመመንጠር ቃል ሲገቡም ክፍያ የሚያገኙበት መንገድ አለ።

የሚገርመው ሌላው ነገር፣ ቱሊቢ ከዚህ ቀደምም ማለቅ እንደሚችል አሳይቷል። በኢሪ ሐይቅ በቶን የሚጫንበት ዘመን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ምርቱ በድንገት ወደቀ፤ ወደ ቀድሞውም አልተመለሰም። “ሞልቶ የተረፈ ነው” የተባለ ነገር እንዴት በአጭር ጊዜ እንደሚጠፋ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

እንግዲህ ልጁን ይዞ በረዶ ላይ የሚወጣ ወላጅ የሚያስተምረው ዓሣ መያዝን ብቻ አይደለም። ከመርገጥ በፊት መለካትን፣ የተናቀን ነገር ዋጋውን ማወቅን፣ ጨውና ጢስ ሥራቸውን እስኪጨርሱ መታገሥን ያስተምራል። ከዚህም በላይ ሐይቁ ዳር ያለው ጫካ ለምን እንደሚጠበቅ ለልጁ የሚያስረዳበት፣ በእጅ የሚያዝ፣ በአፍ የሚቀመስ ማስረጃ ያገኛል። ባዕድ አገር ያደገ ልጅ የአያቱን የወይራ ጢስ ላያውቀው ይችላል። በጢስ ሳጥን ፊት ተቀምጦ “ይኼ ለምንድን ነው የሚታጠነው?” ብሎ ሲጠይቅ ግን፣ እናቱ ከሜፕሉ ጀምራ እስከ ወይራው የምትነግረው ብዙ ነገር አላት።